ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች የተግባር ልምምድ (ኢንተርንሺፕ) የሚሰጥ የትምህርት ክሬዲት፦ አሠራሩና የሚያስፈልጉ ሰነዶች

የኮምፒውተር ሳይንስና የተዛማጅ መስኮች ተማሪዎች በትምህርት ቆይታቸው በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በባንክ፣ በሶፍትዌር ድርጅት ወይም በሌላ ተቋም የሚያደርጉት የተግባር ልምምድ እንደማንኛውም ኮርስ ክሬዲት ሊያስገኝ ይችላል። ክሬዲቱ የሚገኘው ግን ሥራው ስለተሠራ ብቻ አይደለም። ልምምዱ ከመጀመሩ በፊት በኮርስነት የተመዘገበ፣ በአማካሪ መምህርና በተቀባይ ድርጅቱ ባለሙያ ክትትል የተደረገበት፣ በመጨረሻም የተመዘነ መሆን ይኖርበታል። ከእነዚህ አንዱ የጎደለው ልምምድ ለተማሪው የሥራ ልምድ ይሆነዋል፤ በትራንስክሪፕቱ ላይ ግን አይሰፍርም። ክረምቱን ሙሉ በአንድ ድርጅት ሠርቶ በመስከረም የምስክር ወረቀት ይዞ ወደ ትምህርት ክፍሉ የሚቀርብ ተማሪ ክሬዲት ሳያገኝ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ክሬዲቱን የሚወስነው አካል

ትምህርት ሚኒስቴር ለተማሪዎች በቀጥታ ክሬዲት አይሰጥም። በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 መሠረት የአካዳሚክ ጉዳዮች የሚወሰኑት በየተቋሙ ሴኔት ሲሆን፣ የልምምዱ ኮርስ መለያ ቁጥር፣ የክሬዲት መጠንና የምዘና ሥርዓት በትምህርት ክፍሉ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ይገለጻል። ስለዚህ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራበት ደንብ በሌላው ላይሠራ ይችላል። በአንዱ ልምምዱ የፊደል ውጤት የሚሰጥበትና በአማካይ ውጤት ስሌት የሚገባ ሲሆን፣ በሌላው "አልፏል" ወይም "አላለፈም" ተብሎ ብቻ ይመዘገባል። ተማሪዎች ከጓደኛ ከሚሰሙት ይልቅ የገቡበትን ዓመት ሥርዓተ ትምህርት ከትምህርት ክፍሉ ጠይቀው ማንበብ ይገባቸዋል፤ ሥርዓተ ትምህርት በተከለሰ ቁጥር የቀደሙት ተማሪዎች የሄዱበት መንገድ ለተከታዮቹ ላይሠራ ይችላልና።

በመርሐ ግብሮች መካከልም ልዩነት አለ። በአምስት ዓመት የሶፍትዌር ምሕንድስና ፕሮግራሞች ልምምዱ በአብዛኛው አንድ ሙሉ ሴሚስተር የሚይዝ ሲሆን፣ በአራት ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ፕሮግራሞች አጠር ያለ ሆኖ ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ዓመት ማብቂያ በክረምት ይከናወናል። ልምምዱ የምረቃ ግዴታ በሆነበት ፕሮግራም፣ ሌላው ኮርስ ሁሉ ተጠናቆ የልምምዱ ውጤት ብቻ ያልገባለት ተማሪ ሥርዓተ ትምህርቱን እንዳጠናቀቀ አይቆጠርም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የሚሰጠውንና 50 ከመቶ ማምጣት የሚጠይቀውን የመውጫ ፈተና ማለፍ ይህን ጉድለት አይሞላም፤ ሁለቱ የተለያዩ መስፈርቶች ናቸው።

የክሬዲት መጠንና የሥራ ሰዓት

በአገራችን ሥርዓተ ትምህርቶች ውስጥ የክሬዲት ሰዓትና ኢሲቲኤስ በመባል የሚታወቀው የአውሮፓ የክሬዲት ማስተላለፊያ ሥርዓት ጎን ለጎን ይታያሉ። በተለምዶ የ3 ክሬዲት ሰዓት ኮርስ በ5 ኢሲቲኤስ ይሰላል። በአውሮፓው ሥርዓት አንድ ኢሲቲኤስ ከ25 እስከ 30 ሰዓት የተማሪ ሥራን ይወክላል፤ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ደግሞ 60 ኢሲቲኤስ ነው። በዚህ ሒሳብ የ5 ኢሲቲኤስ ልምምድ ከ125 እስከ 150 ሰዓት፣ በቀን ስምንት ሰዓት ሲታሰብ ከ16 እስከ 19 የሥራ ቀናት ይሆናል። የ30 ኢሲቲኤስ የሴሚስተር ልምምድ ደግሞ ከ750 እስከ 900 ሰዓት ይደርሳል። በሰዓቱ ውስጥ ሪፖርት የሚጻፍበትና ለገለጻ የሚዘጋጁበት ጊዜም ስለሚካተት፣ ሁሉም ሰዓት በቢሮ የሚቆጠር አይደለም።

ይህ ስሌት ለተማሪው የሚጠቅመው ለመደራደር ነው። ድርጅቱ ሦስት ወር እንዲቆይ ቢፈልግና የኮርሱ ክሬዲት የሚጠይቀው አራት ሳምንት ቢሆን፣ ትርፉ ጊዜ በተማሪው ፈቃድ የሚደረግ እንጂ የክሬዲቱ ግዴታ አይደለም። ረዘም ያለ ቆይታ ተጨማሪ ክሬዲት አያስገኝም።

ከመሄድ በፊት የሚሟሉ ጉዳዮች

የመጀመሪያው ሰነድ የትብብር ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን የሚያዘጋጀው እንደየተቋሙ የትምህርት ክፍሉ ወይም የዩኒቨርሲቲ ኢንዱስትሪ ትስስር ጽሕፈት ቤት ሲሆን፣ የተማሪው ሙሉ ስም፣ የመለያ ቁጥር፣ የትምህርት መስክና የልምምዱ መነሻና መድረሻ ቀን ይገለጽበታል። ቀናቱ ያልተጻፉበት ደብዳቤ በድርጅቱ የሰው ኃይል ክፍል ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

ጊዜው ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ ብዙ መሥሪያ ቤቶችና ባንኮች በሒሳብ መዝጊያና በዓመታዊ ሪፖርት የተጠመዱ ስለሚሆኑ በዚያ ወቅት የገባ ደብዳቤ መልስ ለማግኘት ይዘገያል። ለክረምት ልምምድ ደብዳቤውን በሚያዝያ ወይም በግንቦት ማስገባት ይመረጣል። ተማሪው ከአንድ በላይ ድርጅት ሊጠይቅ ይችላል፤ አንዱን ሲመርጥ ግን ለሌሎቹ ማሳወቅ አለበት፤ ይህን አለማድረግ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጡ ተማሪዎችን በር ይዘጋል።

ድርጅቱ ሲስማማ በማኅተም የተረጋገጠ የተቀባይነት ደብዳቤ ይሰጣል። በደብዳቤው ላይ ተማሪውን በየቀኑ የሚከታተለው ባለሙያ ስምና የሥራ ኃላፊነት ሊገለጽ ይገባል። ይህ ባለሙያ የኮምፒውተር ወይም የተቀራራቢ ሙያ ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ የተማሪው የቅርብ ዘመድ ግን ሊሆን አይገባም። ቀጥሎ ተማሪው፣ አማካሪ መምህሩና የድርጅቱ ባለሙያ አንድ ወይም ሁለት ገጽ የሥራ ዕቅድ ይፈራረማሉ። በዚህ ዕቅድ ላይ የሚባክን ጊዜ የለም፤ ኋላ ክርክር ቢነሳ መመዘኛ የሚሆነው እርሱ ነው።

የመጨረሻው እርምጃ በሬጅስትራር መመዝገብ ነው። ልምምዱ በክረምት የሚደረግ ቢሆንም የሚመዘገበው በየትኛው ሴሚስተር እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መኝታና ምግብ የሚያገኝ ተማሪም ልምምዱ ከግቢ ውጭ ሲሆን አገልግሎቱ ይቀጥል እንደሆነ፣ ወይም በምትኩ የሚታሰብ ክፍያ ይኖር እንደሆነ ከተማሪዎች አገልግሎት ከመውጣቱ በፊት ማረጋገጥ አለበት። ልምምዱ የትምህርት አካል ስለሆነ ድርጅቱ አበል ለመክፈል የገባው ስምምነት ከሌለ ክፍያ ይኖራል ተብሎ መታሰብ የለበትም።

ለክሬዲት የሚቆጠር ሥራ

ሶፍትዌር ማበልጸግና መፈተሽ፣ የመረጃ ቋት ማስተዳደር፣ ኔትወርክ መንደፍና መከታተል፣ የመረጃ ትንተና፣ የሥርዓት ደኅንነት ሥራ ያለ ብዙ ጥያቄ ይቆጠራሉ። አከራካሪ የሚሆኑት በዙሪያቸው ያሉ ሥራዎች ናቸው። ፕሪንተር መጠገን፣ ዊንዶውስ መጫን፣ ገመድ መዘርጋት፣ ቅጽ ወደ ኮምፒውተር ማስገባት በሥራ ቦታ የሚያጋጥሙ ናቸው፤ ጥቂቱን መሥራት ነውር የለበትም፤ ከሥራ ባልደረቦች ጋርም ያቀራርባል። የልምምዱ ሙሉ ይዘት እነዚህ ብቻ ከሆኑ ግን አማካሪ መምህሩ ክሬዲቱን ለማጽደቅ ይቸገራል።

መለያው መስመር ሥራው የትምህርቱን ዕውቀት መጠየቁ ነው። አንድ ምሳሌ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። በአንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የተመደበ ተማሪ የአባላትን መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እንዲያስገባ ቢታዘዝ፣ ሥራው እንዳለ ሲታይ የጽሕፈት ሥራ ነው። ነገር ግን መዝገቡ ሲገባ አንዱ አባል "ኃይሉ"፣ "ሐይሉ" እና "ሀይሉ" ተብሎ ሦስት ጊዜ ሊገኝ ይችላል፤ "ሠ" እና "ሰ"፣ "ጸ" እና "ፀ" እንዲሁ ይቀያየራሉ። ለሰው ዓይን አንድ የሆነው ስም ለኮምፒውተር ሦስት ነው። ተማሪው ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ መልክ አምጥቶ የሚያነጻጽርና ተደጋጋሚ መዝገቦችን የሚጠቁም ፕሮግራም ቢጽፍ፣ በእውነተኛ መዝገብ ላይ ስንቱን በትክክል እንደለየ ስንቱንም እንደሳተ ቢመዘግብ፣ ያው ምድብ ሥራ ሙሉ በሙሉ የኮምፒውተር ሳይንስ ልምምድ ይሆናል። የልደትና የብድር መክፈያ ቀኖች በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ከሆኑም ጳጉሜን የማያውቅ የመረጃ ቋት እንዴት እንደሚያስተናግዳቸው መፍትሔ መፈለግ ሌላ ተገቢ ሥራ ነው። የአገር ውስጥ ድርጅቶች እንዲህ ያሉ ችግሮች ሞልተዋቸዋል፤ ተማሪ ትልቅ ስም ያለውን ድርጅት ሲያሳድድ ብዙ ጊዜ በአጠገቡ ያለውን ጥሩ ሥራ ያልፈዋል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከዕቅዱ ጋር የሚገናኝ ሥራ ያልተሰጠው ተማሪ ይህንኑ ለአማካሪ መምህሩ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። በዚያን ጊዜ ዕቅዱን ማሻሻል ወይም ቦታ መቀየር ይቻላል። በመጨረሻው ሳምንት የሚቀርብ አቤቱታ ግን እውነት ቢሆንም የሚያስተካክለው ነገር አይኖርም።

የሥራ መዝገብ፣ ሪፖርትና ምዘና

ተማሪው በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ የሠራውን የሚጽፍበት የልምምድ መዝገብ ይይዛል፤ የድርጅቱ ባለሙያም በየሳምንቱ ይፈርምበታል። "በሲስተም ላይ ሠራሁ" የሚል ዓረፍተ ነገር ለመዛኝ ምንም አይነግርም። "የመግቢያ ገጹ የተሳሳተ የይለፍ ቃል ሲገባ መልእክት ስለማያሳይ ምክንያቱን ፈልጌ አረምኩ" የሚለው ግን ይነግራል። በመጨረሻ በአንድ ሌሊት የተሞላ መዝገብ በቀለሙና በአጻጻፉ መታወቁ አይቀርም።

ምዘናው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት አቅጣጫ ይመጣል፦ ድርጅቱ በታሸገና ማኅተም ባረፈበት ፖስታ የሚልከው ግምገማ፣ የጽሑፍ ሪፖርት እና በትምህርት ክፍሉ ፊት የሚቀርብ የቃል ገለጻ። የእያንዳንዱ ድርሻ በመቶኛ በሥርዓተ ትምህርቱ ወይም በትምህርት ክፍሉ መመሪያ ይገለጻል። በሪፖርቱ ላይ የሚታየው የተለመደ ድክመት የድርጅቱን አመሠራረት፣ ራዕይና ተልዕኮ በብዙ ገጽ ዘርዝሮ ተማሪው የሠራውን በጥቂት አንቀጽ ማለፍ ነው። የድርጅቱ ታሪክ በግማሽ ገጽ ይበቃል። መዛኞች ሊያነቡ የሚፈልጉት ችግሩ ምን እንደነበረ፣ ምን አማራጮች እንደታዩ፣ የተመረጠው ለምን እንደተመረጠ፣ እንዴት እንደተፈተሸና ያልተሳካው ምን እንደሆነ ነው። ያልተሳካን ነገር መጻፍ ውጤት አይቀንስም።

በቃል ገለጻው ላይ ተማሪው ራሱ የጻፈው ኮድ የትኛው እንደሆነ ይጠየቃል። ሥራውን እንደ ጊት ባለ የኮድ መዝገብ ከመጀመሪያው ቀን ያስቀመጠ ተማሪ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደጻፈ በቀላሉ ያሳያል። በቻት ጂፒቲና በመሰል መሣሪያዎች የታገዘ ሥራ በየተቋሙ ደንብ የሚዳኝ ሲሆን፣ በየትም ቢሆን ማስረዳት ያልቻሉትን ኮድ የራስ አድርጎ ማቅረብ ተቀባይነት የለውም። የሐሰት የልምምድ ማስረጃ ማቅረብ ደግሞ ከክሬዲቱ መሰረዝ አልፎ በተቋሙ የዲሲፕሊን ደንብና በሕግ ያስጠይቃል።

የድርጅት መረጃና የኮድ ባለቤትነት

የኮምፒውተር ተለማማጅ ከሌላ መስክ ተለማማጅ የሚለየው ወደ ድርጅቱ መረጃ ሊደርስ በመቻሉ ነው። የደንበኞችን ስም፣ የስልክ ቁጥርና የሒሳብ መረጃ በፍላሽ ይዞ መውጣት፣ በግል ኮምፒውተር መጫን ወይም በሪፖርቱ የስክሪን ምስል ላይ ማሳየት አይፈቀድም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን የግል መረጃ ይጠብቃል። ለሪፖርትና ለገለጻ በፈጠራ ስሞችና ቁጥሮች የተዘጋጀ ናሙና መጠቀም በቂ ነው። ሪፖርቱ ለትምህርት ክፍሉ ከመግባቱ በፊት የድርጅቱ ባለሙያ እንዲያየው ማድረግም ሁለቱንም ወገን ከኋላ ጸጸት ይጠብቃል።

በተለይ የደኅንነት ዝንባሌ ያላቸው ተማሪዎች የሚከተለውን ልብ ሊሉ ይገባል። የድርጅቱን ሥርዓት ድክመት ለመፈተሽ በጽሑፍ የተሰጠ፣ የትኛው ሥርዓት እንደሚፈተሽና እስከ መቼ እንደሆነ የሚገልጽ ፈቃድ ያስፈልጋል። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባት ወንጀል ሲሆን፣ "ለመማር ነበር" ወይም "ክፍተቱን ላሳያቸው ነበር" የሚል ምክንያት ፈቃድን አይተካም።

ኮዱ የማን እንደሆነም አስቀድሞ ይወሰን። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራም ጥበቃ ያገኛል። ተለማማጁ ተቀጣሪ ሠራተኛ ስላልሆነ፣ ስለ ባለቤትነቱ ምንም ካልተጻፈ ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸውን ግምት ይዘው ይለያያሉ። ኮዱ ለድርጅቱ እንደሚሆን፣ ተማሪው ግን በሪፖርቱና በሥራ ፍለጋ ጊዜ ሥራውን መግለጽ እንደሚችል የሚያስቀምጥ አንድ አንቀጽ በሥራ ዕቅዱ ላይ ቢጨመር አለመግባባቱ ይወገዳል።

ተደጋግመው የሚነሱ ልዩ ሁኔታዎች

በማታ ወይም በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር እየተማረ በሙያው ተቀጥሮ የሚሠራ ተማሪ ልምምዱን በራሱ መሥሪያ ቤት ለማድረግ ሊያመለክት ይችላል። ውሳኔው የትምህርት ክፍሉ ነው። ማመልከቻው የተሻለ ዕድል የሚኖረው ተማሪው ከመደበኛ ሥራው የተለየ፣ አዲስ ዕውቀት የሚጠይቅ ሥራ ሲያቀርብ ነው፤ ባለፉት ዓመታት የተሠራን ሥራ ወደ ኋላ ተመልሶ ማስቆጠር ግን ሴኔቱ ያወጣው ልዩ ደንብ ከሌለ አይቻልም።

እንደ 5 ሚሊዮን ኮደርስ ባሉ የኦንላይን ሥልጠናዎች የሚገኝ የምስክር ወረቀት ጠቃሚ ቢሆንም በራሱ የልምምድ ክሬዲትን አይተካም፤ ሥልጠና ነው እንጂ በተቀባይ ድርጅት የተሠራና የተገመገመ ሥራ አይደለም። ተማሪው የሠለጠነበትን በልምምድ ቦታው ቢጠቀምበት ግን ለዕቅዱ ጥሩ መነሻ ይሆነዋል።

ከቤት ሆኖ በኢንተርኔት የሚሠራ ልምምድ ትምህርት ክፍሉ አስቀድሞ ከፈቀደው ሊቆጠር ይችላል። ድርጅቱ በውጭ አገር የሚገኝ ከሆነ ሕጋዊ መኖሩ የሚረጋገጥበት ሰነድ፣ ቋሚ የመገናኛ ሰዓት፣ መብራት ወይም ኔትወርክ ሲቋረጥ ሰዓቱ እንዴት እንደሚካካስ በዕቅዱ ላይ ይስፈር።

የልምምድ ቦታን ሥራ የመመረቂያ ፕሮጀክት ማድረግ የሚቻለው አማካሪዎቹ ሲስማሙና ለፕሮጀክቱ የሚጨመረው ሥራ ተለይቶ ሲታወቅ ነው። ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ክሬዲት አይሰጥም። ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚዛወር ተማሪ ደግሞ ከትራንስክሪፕቱ ጋር የልምምድ ኮርሱን ዝርዝር መግለጫና የሪፖርቱን ቅጂ ቢይዝ ተቀባዩ ተቋም ለማነጻጸር ይቀለዋል።

ችግር ሲያጋጥም

በልምምድ ቦታ ትንኮሳ፣ ማስፈራራት ወይም ለጤና አደገኛ ሁኔታ ያጋጠማት ተማሪ ወይም ያጋጠመው ተማሪ ክሬዲቱ ይቀርብኛል በሚል ስጋት መቆየት የለበትም። ወዲያውኑ ለአማካሪ መምህሩ ወይም ለትምህርት ክፍል ኃላፊው ማሳወቅና የቦታ ለውጥ መጠየቅ ይገባል። ጥያቄው በጽሑፍ ቢሆንና እስከዚያ የተፈረመበት የሥራ መዝገብ ቢያያዝ ያለፈው ሰዓት እንዲታሰብ ለመጠየቅ ይረዳል። ትንኮሳን በሚመለከት የዩኒቨርሲቲው የሥርዓተ ፆታ ጉዳዮች ክፍልም አቤቱታ ይቀበላል።

ድርጅቱ ግምገማውን ባለመላኩ ውጤቱ ያልተሟላ ተብሎ የተመዘገበበት ተማሪ መጀመሪያ ማረጋገጥ ያለበት ፖስታው ከድርጅቱ መዝገብ ቤት ወጪ መሆኑን ነው። የወጪ ቁጥሩና ቀኑ በእጅ ካለ ፍለጋው ይቀላል። ያልተሟላ ውጤት የሚስተካከልበት ጊዜ በሴኔት ደንብ የተወሰነ ስለሆነ፣ ጊዜው ሳያልፍ ትምህርት ክፍሉ ራሱ ለድርጅቱ እንዲጽፍ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በውጤቱ ወይም በክሬዲቱ መከልከል ቅር የተሰኘ ተማሪ አቤቱታውን በቅደም ተከተል ለአማካሪ መምህሩ፣ ለትምህርት ክፍል ኃላፊው፣ ለኮሌጁ ወይም ለፋኩልቲው ዲን፣ ከዚያም ለዩኒቨርሲቲው የአካዳሚክ ጉዳዮች ኃላፊ ያቀርባል። ከእያንዳንዱ ደረጃ የጽሑፍ መልስ መቀበል ይገባል፤ ያለ እርሱ ቀጣዩ ደረጃ ጉዳዩን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። የግል ከፍተኛ ትምህርት ተቋም ተማሪ የተቋሙንና የፕሮግራሙን የዕውቅና ፈቃድ በተመለከተ ለትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ጥያቄ ማቅረብ ይችላል። ለአቤቱታ የሚቀርቡት ሰነዶች የትብብርና የተቀባይነት ደብዳቤዎች፣ የተፈረመው የሥራ ዕቅድ፣ የምዝገባ ማስረጃ፣ የልምምድ መዝገብና የሪፖርቱ ቅጂ ናቸው። ዋናዎቹ ለተቋሙ ከመግባታቸው በፊት ቅጂያቸውን ማስቀረት የተማሪው ኃላፊነት ነው።